ሙቀትን ከመቋቋም ባሻገር፦ ለድሬዳዋ ግቢዎች የዕፅዋት አመራረጥ

አጭር መግለጫ

በሞቃት አካባቢ ለግቢ የሚሆን ተክል ሲመረጥ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ሙቀቱን ይችላልን?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የድሬዳዋን ከተማ እንደ ምሳሌ በመውሰድ፣ ጥያቄው አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። በምትኩም ሦስት ተከታታይ ማጣሪያዎችን ያቀርባል፤ እነዚህም የውሃ ፍላጎት፣ ከአፈሩና ከመስኖው ውሃ ጠባይ ጋር መስማማት፣ እንዲሁም ከአጥር ውጭ የመዛመት ዕድል ናቸው። ጽሑፉ በተለይ የሚያተኩረው በሁለተኛ ደረጃ ይታይ በነበረው በሦስተኛው ማጣሪያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያለ እንክብካቤ በሕይወት የመቆየት ችሎታ ተክሉን ተመራጭ የሚያደርገውን ያህል አደገኛም ሊያደርገው ይችላልና።

ቁልፍ ቃላት፦ ድሬዳዋ፣ የግቢ ዕፅዋት፣ የውሃ ፍላጎት፣ ጥላ፣ ወራሪ ዝርያዎች

1. መግቢያ

ስለ አትክልት ስፍራ የሚጻፉ መጻሕፍት ተክሎችን የሚመድቡት በአብዛኛው ቅዝቃዜን በመቋቋም አቅማቸው ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣውና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚጠቀሰው የዞን ካርታ መሠረቱ በየዓመቱ የሚመዘገበው ዝቅተኛው የሙቀት መጠን ነው። እንዲህ ያለው ካርታ ውርጭ ለሚያሰጋው አትክልተኛ ትልቅ ረዳት ነው። ውርጭ ለማይታወቅበት ቆላ ግን የሚሰጠው መረጃ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በድሬዳዋ ተክልን የሚገድለው የሌሊቱ ብርድ አይደለምና። የአሜሪካ የአትክልተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሌላ ካርታ በዓመት ውስጥ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚሞቁትን ቀናት በመቁጠር ይህን ጉድለት ለመሙላት ሞክሯል። ይሁን እንጂ ይህኛውም ቢሆን ተክሉ በቂ ውሃ እንደሚያገኝ አስቀድሞ የሚያስብ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ ሲደባለቁ ይታያል። ሙቀትን መቋቋም አንድ ነገር ነው፤ የውሃ እጥረትን መቋቋም ደግሞ ሌላ ነው። ሙዝና ፓፓያ ሙቀት ይስማማቸዋል፤ ውሃ ሲጓደልባቸው ግን ፈጥነው ይጎዳሉ። የበረሃ ዛፍ ተደርጎ የሚታየው ተምር እንኳ እንደሌላው ተክል የማይችለውን ሙቀትና ጨው ችሎ ቢቆምም፣ ፍሬ እንዲሰጥ ሥሩ ብዙ ውሃ ማግኘት ይኖርበታል። እንግዲህ «የቆላ ተክል» የሚለው ስያሜ ስለ ውሃ ፍላጎት የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

2. የስፍራው ጠባይ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ትገኛለች። ዓመታዊ አማካይ የሙቀት መጠኗ ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፤ ግንቦትና ሰኔ ከሁሉ የሚብሱ ወራት ናቸው። የዝናቡ መጠን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን በሁለት ወቅት ተከፍሎ ይዘንባል፤ አንደኛው በልግ፣ ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ረጅሙ ደረቅ ወቅት ነው። በበልግና በክረምት መካከል የሚገባው የሰኔ ክፍተት ደግሞ አጭር ቢሆንም ከከፍተኛው ሙቀት ጋር ስለሚገጥም አዲስ ለተተከለ ችግኝ አደገኛ ነው።

ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በዙሪያዋ ካለው የኖራ ድንጋይ የተነሣ ውሃው ካልሲየም የበዛበት ሲሆን፣ በጀበናና በማሞቂያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ውጤት ነው። ከተራሮቹ የሚወርደው የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሰሜኑ ቆላ ይፈሳል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆየው ይህ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ውሃ በድሬዳዋ ከመጠን በታች ሆኖም ከመጠን በላይ ሆኖም ችግር ነው። የደቻቱ አቅጣጫ በክፍል 5 ለሚቀርበው ሐሳብም መሠረት ነው።

3. የመጀመሪያው ማጣሪያ፦ ውሃ

የአንድን ተክል የውሃ ፍላጎት ለመገመት የተለመደው መንገድ፣ በአካባቢው አየር የሚወሰደውን የማጣቀሻ ትነት ከተክሉ መለኪያ ቁጥር ጋር ማባዛት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው 56ኛ የመስኖ ሰነድ ላይ የስሌቱ ዘዴ ለሰብሎች በዝርዝር ተቀምጧል። ለጌጥና ለጥላ ተክሎች ደግሞ በካሊፎርኒያ የተዘጋጀው ምደባ ያገለግላል። በዚህ ምደባ ዝቅተኛ ውሃ ፈላጊ ተክሎች ከ0.1 እስከ 0.3፣ መካከለኛዎቹ ከ0.4 እስከ 0.6፣ ከፍተኛዎቹ ከ0.7 እስከ 0.9 የሚደርስ መለኪያ ይሰጣቸዋል።

ለስሌት ያህል የድሬዳዋ የማጣቀሻ ትነት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ቢወሰድ፣ በዓመት 1,825 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከሰማይ የሚወርደው 600 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዝናቡ ከትነቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል። ከዚህ ቀላል ስሌት አንድ ጠቃሚ ድንበር ይገኛል፤ መለኪያው ከ0.33 በላይ የሆነ ተክል፣ ዝናቡ አንዲት ጠብታ ሳይባክን ቢሰበሰብለት እንኳ፣ በዝናብ ብቻ ሊኖር አይችልም። ከድንበሩ በታች ያለው ተክል ግን በዓመታዊ ድምር ረገድ የሚበቃውን ያገኛል፤ የሚጎድለው የዝናቡ ሥርጭት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለመጀመሪያው ዓይነት ተክል «ውሃው ከየት ይመጣል?» ሲሆን፣ ለሁለተኛው «የመጣውን ውሃ በአፈር ውስጥ እንዴት እናቆየው?» ይሆናል።

የሁለቱ ልዩነት በግቢ ውስጥ ምን እንደሚመስል በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የሣር መስክ፣ መለኪያው ለቆላ ሣር ከሚሰጡት ዝቅተኛው 0.6 ቢሆን፣ በደረቁ ወቅት በቀን 300 ሊትር ይፈልጋል። ይህም በተለመደው ባለ 200 ሊትር በርሜል አንድ በርሜል ተኩል መሆኑ ነው። በማጠጣት ጊዜ የሚባክነው ሲታሰብ መጠኑ ከዚህም ይበልጣል። በአንጻሩ መለኪያው 0.25 የሆነና የቅርንጫፉ ስፋት 4 ሜትር የሆነ ዛፍ 12.6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የሚፈልገውም በቀን 16 ሊትር ገደማ ነው። እንዲህ ያሉ ዛፎች 100 ካሬ ሜትር ቢሸፍኑ ፍላጎታቸው 125 ሊትር ይሆናል፤ ይህ ከሣሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሣር ፈጽሞ አይተከል ማለት ግን አይደለም። በአገራችን በየሜዳው የሚገኘው ሰርዶ ውሃ ሲያጣ ይደርቅና ያንቀላፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ተነሥቶ ይለመልማል። ሰርዶን በበጋ ቡናማ ሆኖ እንዲያርፍ የሚተወው ባለቤት ውሃ አያባክንም። ውሃ የሚያባክነው ተክሉ ብቻ ሳይሆን ግቢው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታይ የሚለው ፍላጎት ጭምር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የጤና ጉዳይም አለ። የቧንቧ ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ውሃ ወዳድ ተክል የሚኖረው በበርሜልና በባልዲ በተጠራቀመ ውሃ ነው። የደንጊና የቺኩንጉኒያ በሽታዎችን የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ የምትራባው ክዳን በሌላቸው የውሃ ማጠራቀሚያዎችና በአበባ ማሰሮ ሥር በሚቀመጡ ሳሕኖች ውስጥ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ደርሶባታል። በየሁለት ቀኑ ውሃ የሚጠይቁ ብዙ ማሰሮዎችን በግቢ መደርደር እንግዲህ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

4. ሁለተኛው ማጣሪያ፦ አፈርና የመስኖው ውሃ

ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም እንኳ ሥር ሊወስደው በማይችል መልክ ታስሮ ይቆያል። ምልክቱም ለግላጋው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሎሚና ብርቱካንን የመሳሰሉ ተክሎች፣ እንዲሁም ጽጌረዳ፣ ለዚህ ችግር ተጋላጭ ናቸው። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ቢጫነቱን የውሃ ጥም አድርጎ ስለሚተረጉመው ውሃ ይጨምራል። የተጨመረው ውሃ ራሱ ካልሲየም የተሸከመ በመሆኑና አፈሩም ስለሚጨቀይ ችግሩ ይባባሳል።

በዚህ ማጣሪያ የሚያልፉት ኖራማ አፈርን የለመዱ ዝርያዎች ናቸው። ቁርቁራ፣ ሮቃ፣ በደኖና ሽፈራው ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የመስኖው አሰጣጥም ለውጥ ያመጣል። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ውሃውን በላይኛው የአፈር ንብርብር ላይ ያስቀረዋል፤ ውሃው ሲተን ጨውና ኖራ እዚያው ይቀራሉ፤ ሥሩም ወደ ታች ከመሄድ ይልቅ በላይ ይንሰራፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ በዝግታና በብዛት ማጠጣት፣ ግንዱን ሳይነካ በጉዝጓዝ መሸፈንም፣ ጨውን ወደ ታች ያጥባል፤ ሥርንም ጥልቅ ያደርጋል። የልብስ ማጠቢያ ፍሳሽን ለተክል ማዋል የተለመደ ቁጠባ ነው። ይሁንና በሳሙናው ያለው ሶዲየም በአፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ፍሳሹን በአንድ ስፍራ ብቻ ከማፍሰስ ይልቅ በየተራ በተለያዩ ትልልቅ ዛፎች ሥር ማዳረስ ይመረጣል። አትክልትና ጥራጥሬ የታጠበበት ውሃ ግን ያለ ስጋት ለበሶብላና ለጤና አዳም ይውላል።

5. ሦስተኛው ማጣሪያ፦ ከአጥር ውጭ የመዛመት ዕድል

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማጣሪያዎች በከፍተኛ ውጤት የሚያልፍ አንድ ዛፍ አለ። ድርቅን፣ ጨውንና ኖራን ይችላል፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ ጥላ፣ ማገዶና ለከብት የሚሆን እሸት ይሰጣል። ይህ ዛፍ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ቆላዎች የገባው ለአፈርና ለውሃ ጥበቃ ታስቦ ነበር። ዛሬ በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬትን በእሾሃማ ጥሻ የሸፈነ፣ በድሬዳዋ ዙሪያም የሚታይ ወራሪ ሆኗል። ዘሩ በፍየልና በግመል ሆድ ውስጥ አልፎ ከእበቱ ጋር ይበቅላል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት «መጤ ተክል ክፉ ነው» ከሚለው የጠለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ አፋር ክልል የታተመ አንድ ጥናት የዛፉን የውሃ ፍሰት በቀጥታ ለክቶ፣ አንድ ዛፍ በቀን ከ1 እስከ 36 ሊትር፣ በአማካይም 7 ሊትር እንደሚጠቀም አሳይቷል። በአንድ ዛፍ ደረጃ ሲታይ ይህ ከላይ በምሳሌነት ከተሰላው የጥላ ዛፍ ፍላጎት ያነሰ ነው። ነገር ግን በወረረው ስፍራ ሁሉ ያሉት ዛፎች ሲደመሩ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንደሚወስዱ ጥናቱ ገምቷል። ስለዚህ የአንድ ተክል ቆጣቢነት የመልክዓ ምድሩ ቆጣቢነት አይደለም። ቆጣቢ ሆኖ የሚባዛ ተክል ከአባካኝ ሆኖ ከማይባዛ ተክል የበለጠ ውሃ ሊወስድ ይችላል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሌሎችም አሉ። ለአጥር ውበት የምትተከለው የወፍ ቆሎ ፍሬዋን ወፎች ስለሚበሉት በቀላሉ ወደ ሜዳ ትወጣለች፤ ቅጠሏም ለከብት መርዝ ነው። ለመኖነት የምትወደደው ሉሲኒያ ብዙ ዘር ትጥላለች። ሁለቱም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለሙያዎች ካወጡት የ100 አስከፊ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። የድሬዳዋን ጎዳናዎች በጥላ የሸፈነው ኒም ራሱ ከደቡብ እስያ የመጣ ሲሆን፣ በሰሜን አውስትራሊያ በወንዝ ዳርቻዎች በመዛመቱ በአረምነት ተፈርጇል። ይህ ማለት በከተማ ያሉት ኒሞች ይቆረጡ ማለት አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ያደገን ጥላ መመለስ ቀላል አይሆንምና። አዲስ የሚተከለውን ግን ከወንዝ ዳር ማራቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ማጣሪያ ላይ የድሬዳዋ አቀማመጥ ልዩ ኃላፊነት ይጥላል። ከግቢ የሚታጠብ ዘር በጎርፍ ወደ ደቻቱ፣ ከደቻቱም በስተሰሜን ወዳሉት የአርብቶ አደር ቆላዎች ይወርዳል። ተክሉን የመረጠው የከተማ ነዋሪ ሲሆን፣ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ግጦሹ የሚጠበው ከብት ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

6. ጥላና የአተካከል ስፍራ

የሞቃት ስፍራ ግቢ ቀዳሚ ግብ ቅዝቃዜ ነው። ቅዝቃዜን የሚሰጠው በዋናነት ምን እንደሆነ ማወቅ ለምርጫው ይጠቅማል። በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው ቢባል፣ ከላይ የተጠቀሰው ባለ 12.6 ካሬ ሜትር ዛፍ ወደ 75 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ይቀበላል። አራት አምስተኛውን ቢያስቀር ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆነው መሬትና ግድግዳ ሳይነካ ይቀራል። በቀን የሚያተነው 16 ሊትር ውሃ የሚወስደው ሙቀት ግን 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የቀረው ኃይል ከቅጠሉ ላይ ተንጸባርቆ ወይም በነፋስ ተወስዶ ይበተናል። ስለዚህ ግቢን ለማቀዝቀዝ ውሃ የሚያባክን ተክል አያስፈልግም፤ ሰፊ ጥላ የሚጥል ቆጣቢ ዛፍ ይበቃል።

የዛፉ ቦታም ከዝርያው እኩል ወሳኝ ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የተጻፉ መምሪያዎች ጥላን በቤት ደቡብ በኩል እንዲተከል ይመክራሉ። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ በታች ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ከሁሉ የሚሞቁት ወራት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። በእነዚህ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትቀርብ ግድግዳን በጽኑ የሚመታው የጠዋትና ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምዕራቡ፣ ቀጥሎ ለምሥራቁ ወገን ነው።

7. ማጣሪያዎቹ በተግባር

ለብዙዎች ከከተማዋ ጋር የተሳሰረው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ ይጠራል፤ የተፈጥሮ አገሩ ግን ማዳጋስካር ነው። ጥላው ሰፊና ያማረ ቢሆንም ቅርንጫፉ ተሰባሪ፣ ሥሩም በላይ የሚንሰራፋ ስለሆነ ከግድግዳና ከውሃ መስመር ርቆ መተከል አለበት። ትልቅ ግቢ ላለው ይፈቀዳል፤ ለጠባብ ግቢ አይመከርም። የዚሁ ዛፍ ዘመድ የሆነው ዴሎኒክስ ኢላታ በኢትዮጵያ ደረቅ ቆላዎች በተፈጥሮው የሚበቅል ሲሆን፣ በችግኝ ጣቢያዎች ሊታሰብበት የሚገባ ዝርያ ነው።

ሮቃ ለዝግተኛ እድገቱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በምትኩ ጠንካራ ግንድ፣ ጥልቅ ጥላና የሚሸጥ ፍሬ ይሰጣል። ከ20 ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል ለትምህርት ቤትና ለቤተ እምነት ቅጥር ይስማማል። ቁርቁራ ድርቅንም አልፎ አልፎ የሚመጣ ጎርፍንም ይችላል፤ እሾሁ ግን ሕፃናት ከሚጫወቱበት ያርቀዋል። ሽፈራው ለጠባብ ግቢ ይመቻል፤ ቅጠሉ ይበላል፤ ጥላው ግን ስስ ነው። ለግድግዳና ለአጥር ጌጥ ቡጌንቪሊያ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ውሃ በመጠኑ ሲቀንስባት አበባዋ ይበዛል፤ በጌጥነት የሚተከሉት ዓይነቶቿም ዘር የሚሰጡት ከስንት አንዴ ነው። ለመሬት ሽፋንና ለጠርዝ እሬት በቂ ነው።

አገር በቀል መሆን በራሱ ሦስቱን ማጣሪያዎች አይተካም። ዋንዛ አገር በቀል ነው፤ ነገር ግን የተሻለ እርጥበት ያለውን ወይና ደጋ ስለሚመርጥ በድሬዳዋ ያለ ተጨማሪ ውሃ አይመችም። በአካባቢው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅለው አዴኒየም ውብ አበባ አለው፤ ወተቱ ግን መርዛማ ነው። ውሃ የሚፈልጉት ሎሚ፣ ፓፓያና ማንጎም ፈጽሞ አይከለከሉም። ቁጥራቸው ተወስኖ ከቤቱና ከውሃው አጠገብ በአንድ ስፍራ ቢሰበሰቡ፣ የሚበላ ፍሬ ስለሚመልሱ የወሰዱትን ውሃ ዋጋ ይከፍላሉ።

የውሃውን ምንጭ በተመለከተ፣ 80 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በ600 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ አምስተኛው ባክኖ እንኳ፣ በዓመት 38 ሜትር ኩብ ያህል ይሰበስባል። መለኪያቸው 0.25 የሆነ ዛፎች 100 ካሬ ሜትር ሲሸፍኑ የሚፈልጉት 46 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ከዚህም አብዛኛውን በራሳቸው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሸፍነዋል። የጣሪያውን ውሃ በዛፎቹ ዙሪያ ወደተቆፈሩ ጥልቀት የሌላቸው ጎድጓዶች መምራት ውሃውን በአፈር ውስጥ ያከማቻል፤ ትንኝ አያራባም፤ ወደ ደቻቱ የሚወርደውንም ጎርፍ በጥቂቱም ቢሆን ይቀንሳል። ጎድጓዱ ከአንድ ቀን በላይ ውሃ ከያዘ ግን ጥልቀቱ መቀነስ ይኖርበታል፤ ከመሠረትም ቢያንስ ጥቂት ሜትሮች መራቅ አለበት።

8. ማጠቃለያ

ለሞቃት አካባቢ ተክል መምረጥ ጠንካራውን ከደካማው መለየት ብቻ አይደለም። በድሬዳዋ ሁኔታ የውሃ መለኪያው ከአንድ ሦስተኛ በታች የሆነ፣ ኖራማ አፈርን የሚችል፣ ዘሩንም ከአጥር የማያሻግር ተክል የግቢው መሠረት ሊሆን ይገባል። ከዚህ የሚወጡት ጥቂት ሆነው ምክንያታቸው የታወቀ፣ ስፍራቸውም የተወሰነ ይሁን። አንድ ችግኝ ሲመረጥ «ይጸድቃልን?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ከጸደቀ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው መጠየቅ አለበት። ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ ለመስጠት በከተማዋ ግቢዎች ያሉትን ዝርያዎች መመዝገብ፣ በደቻቱ ዳርቻ በራሳቸው የበቀሉትንም መቁጠር ቀጣዩ ሥራ ነው። ሥራው ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመች ነው።